በሩ ክፍት እንዲሆን ማን ይክፈል?

ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ገንዘብ ሲነሳ የብዙ ሰው ፊት ይቀየራል። አንዳንዱ ይሸማቀቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ በልቡ «ይኸው ጀመሩ» ይላል። አልፈርድበትም። በእግዚአብሔር ስም የተበዘበዘ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማንንም ለማስጨነቅ አልቆምኩም። የቆምኩት ለአንድ ጥያቄ ነው። ማንንም ከደጇ የማትመልስ ቤተ ክርስቲያን ነገም እንድትኖረን ከፈለግን፣ ወጪዋን ማን ይሸፍን? እንዴትስ ይሸፍን?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን እናስታውስ። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ገንዘብ በእጃቸው ያለ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ የሰማርያው ሲሞን ነው። ሐዋርያት እጃቸውን ሲጭኑ መንፈስ ቅዱስ ሲሰጥ አየና ገንዘብ ይዞ መጣ። ይህን ሥልጣን ለእኔም ስጡኝ አለ። ጴጥሮስ የመለሰለትን ታውቁታላችሁ፤ «ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» ነው ያለው።

ሁለተኛው የህንደኬ ጃንደረባ ነው። የንግሥቲቱ ሀብት ሁሉ በእጁ ነው። ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ እየተመለሰ ነው። በኦሪት ዘዳግም 23 ሕግ መሠረት ግን እንደ እሱ ያለ ሰው ወደ ጉባኤው አይገባም ነበር። ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ደረሰበት። ከሚያነብበት ቦታ ሦስት ምዕራፍ አለፍ ብሎ፣ ለጃንደረቦች በእግዚአብሔር ቤት ቦታና ስም እንደሚሰጣቸው ተጽፏል። ውሃ ዘንድ ሲደርሱ «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ። ይህ ሲከለከል የኖረ ሰው ጥያቄ ነው። ፊልጶስም የአንድ መንግሥት ግምጃ ቤት ከሚያዝ ሰው ጋር ተቀምጦ ስለ ገንዘብ ትንፍሽ አላለም። አብረው ወደ ውሃው ወረዱ።

ይህ ፊልጶስ ማን ነበር? ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንሄድ እናገኘዋለን። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ከዕለቱ ምግብ ክፍፍል መበለቶቻችን ተረሱ ብለው አጉረመረሙ። በዚያ ምክንያት ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ ፊልጶስ ከእነሱ አንዱ ነው። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። በሌላ አነጋገር፣ የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን የማግለል አቤቱታ ሲመጣባት ስብከት ሰብካ አልተወችውም። የማከፋፈሉን ሥራ የተገለሉት ወገኖች ለሚያምኗቸው ሰዎች አስረከበች። በእኔ እምነት ይህ የበጀት ውሳኔ ነው። ጃንደረባውን ያለ ክፍያ የተቀበለው ሰው፣ መጀመሪያ ማዕድ ላይ ማን እንደሚጎድል እንዲያይ የተሾመ ሰው ነበር።

እንግዲህ ሁለት ነገር ይዘናል። ገንዘብ ያለው በገንዘቡ መግዛት አይችልም፤ ገንዘብ የሌለውም ገንዘብ ስለሌለው አይመለስም። ወጪው ግን ወጪ ነው። ጌታችን ራሱ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር በገንዘባቸው ያገለግሉት የነበሩ ሴቶች እንደነበሩ ሉቃስ ምዕራፍ 8 ላይ ጽፎልናል። ዮሐናን እና ሶስናን በስም ጠርቷቸዋል።

«ሁሉን አካታች» የሚለው ቃል ሲናገሩት ቀላል ነው። ወደ ወጪ ሲቀየር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንድ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ላይ ሦስት ደረጃ አለ እንበል። እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጠቅላላ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ነው። ለዊልቸር ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ ለሚሠራ ተዳፋት መንገድ፣ በብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ 1 ለ12 ነው። ማለትም አንድ ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር መንገድ ያስፈልጋል። ለእነዚያ ሦስት ደረጃዎች ታዲያ 5 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ራምፕ መሥራት አለብን። ላይኛው ጫፍ ላይ ዊልቸሩ ቆሞ የሚዞርበት ጠፍጣፋ ቦታ ያስፈልጋል። በግራና በቀኝ መደገፊያ ብረት ያስፈልጋል። ቦታና ሲሚንቶ ለመቆጠብ ብለን ራምፑን ብናሳጥረው ይቆማል፤ ፎቶ ላይም ያምራል። ሰውየው ግን ከኋላ የሚገፋው ሰው ይፈልጋል። የሚገፋው ከፈለገ ደግሞ በፈለገው ሰዓት መጥቶ በፈለገው ሰዓት መሄድ አይችልም።

ገባ እንበል። የት ነው የሚቀመጠው? ሁሉም አግዳሚ መሬት ላይ ከተመታ፣ ያለው ቦታ መተላለፊያው ብቻ ነው። እዚያ ሲቆም ሰው ሁሉ «ይቅርታ» እያለ ያልፈዋል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ለዊልቸር ከጠበበስ? ይህን ከራሳቸው አፍ ብትሰሙት ያማል፤ ብዙዎቹ ፕሮግራሙ ረዘም የሚል ከሆነ ከቤት ሲወጡ ውሃ አይጠጡም። ስለዚህ ስለ መጸዳጃ ቤት በር በጀት ስንነጋገር የምንነጋገረው ስለ አምልኮ ነው።

ራምፑም በሩም ግን አንድ ጊዜ ተሠርተው የሚያልቁ ናቸው። ከባዱ በየሳምንቱ የሚመጣው ወጪ ነው። የምልክት ቋንቋ ትርጉምን ውሰዱ። ረዘም ላለ ፕሮግራም አንድ አስተርጓሚ አይበቃም። ሁለት ሆነው በየ20 ወይም በየ30 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ክንድም አእምሮም ይዝላል፤ ሲዝል ደግሞ ትርጉሙ ይዛባል። ስብከቱንና መዝሙሩንም ቀድመው ሊያዩት ይገባል። ለአንድ በዓል በደስታ የሚከፍል ሰው አይጠፋም። ለ52ቱም ሳምንት ግን ማን ይክፈል? መስማት የተሳናት እህታችን ዘንድሮ አስተርጓሚ አግኝታ ከርሞ ብናስቀርባት፣ በሩን ከፍተን መልሰን ዘጋንባት ማለት ነው። እንደ እኔ ይህ ከመጀመሪያው ካለመክፈት ይከፋል። አንዴ ለምዳ፣ ወዳጅ አፍርታ፣ ቤቴ ብላለችና።

ስለዚህ «እንዴት እንክፈል» የሚለው «ስንት እንክፈል» ከሚለው አያንስም። ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምረናል።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ወጪያቸውን የሚሸፍኑት መቀመጫ በማከራየት ነበር። ቤተሰቡ አግዳሚውን ይከራያል፤ የተሻለው ቦታ ውድ ነው። መክፈል ያልቻለ ከኋላ፣ ከጥግ ወይም ከሰገነት ላይ «ነጻ» በተባለው ወንበር ይቀመጣል። በሒሳብ ዓይን ካያችሁት ዘዴው ጥሩ ነበር። ገቢው የታወቀ ነው፤ ለካህኑ ደመወዝ አይጨነቁም። ግን የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ቃል በቃል እየተፈጸመ ነበር። የወርቅ ቀለበት ያደረገው ባማረው ስፍራ ይቀመጣል፤ ድሃው ከእግር መረገጫ በታች። የገቢ ዘዴው ራሱ ሰውን ደረደረ። ማንም በክፋት ተነስቶ «ድሆች አይምጡ» አላለም። ድሆቹ ግን ቦታቸው የት እንደሆነ ገባቸው። በኋላ ብዙዎች ይህን ተቃወሙ። ኒው ዮርክ ውስጥ ዊሊያም አውጉስተስ ሚውለንበርግ የሚባል ካህን እ.ኤ.አ. በ1846 መቀመጫው በሙሉ ነጻ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ከፈተ፤ ወጪው በፈቃድ በሚሰጥ መባ የሚሸፈን። ኪራዩን መተው እምነት ይጠይቃል፤ የታወቀን ገቢ ትቶ ምእመኑን ማመን ነውና።

ሌላው ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። ፊላደልፊያ ውስጥ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ምእመናን ነበሯት። ከነሱ አንዱ ሪቻርድ አለን ነው፤ በባርነት ተወልዶ ነጻነቱን በገንዘብ የገዛ ሰባኪ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ፣ ሰገነቱ ሲቆም፣ ወለሉ ሲነጠፍ እነሱም ብዙ አዋጥተው እንደነበር አለን ራሱ ጽፏል። ሥራው አልቆ ቤቱ ሲያምር ነው የተገፉት። ለጸሎት ተንበርክከው ሳሉ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች ከነሱው አንዱን፣ አብሳሎም ጆንስን፣ ከጉልበቱ ጎትተው አስነሱት፤ እዚህ መንበርከክ አትችልም ተባለ። ጸሎቱ እስኪያልቅ ታገሱን አለ። እምቢ አሉት። ጸሎቱ ሲያበቃ ሁሉም በአንድነት ተነስተው ወጡ።

አንድ ሰው ገንዘቡን ተቀብለነው ቦታ ልንነፍገው እንደምንችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። መዋጮው እኩል አላደረጋቸውም። ገንዘቡ ሲገባ እጅ ተዘርግቶ ነበር፤ ውሳኔ ላይ ግን አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው ይበልጥ የምወደው። አለንና ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1787 ነጻ የአፍሪካውያን ማኅበርን መሥርተው ነበር። የአባሉ መዋጮ በወር አንድ ሽልንግ ነው። ከዚያ ለተቸገሩ አባላት፣ ለመበለቶችና አባት ለሌላቸው ልጆች ይከፈላል። ትንሽ ነው፣ ግን በየወሩ ነው፣ ግን የሁሉም ነው። እ.ኤ.አ. በ1794 አለን አንድ አሮጌ የአንጥረኛ ቤት ገዛ፤ በፈረሶች አስጎትቶ በራሳቸው መሬት ላይ አኖረውና ቤቴል የተባለች ቤተ ክርስቲያን ሆነች። ያ ጉባኤ ዛሬም እዚያው ቦታ ላይ ያመልካል።

አንድ ተረት አለን፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው አንዱ ሰው እንዳይደክም ነው። እኔ ግን ሌላም አደጋ ይታየኛል። ሃምሳውን ብቻውን የተሸከመ ሰው ውሎ አድሮ ሎሚው የእኔ ነው ማለቱ አይቀርም። መጥፎ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ነገሩ ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል። ከዓመት ገቢያችን 40 በመቶው ከአንድ ቤተሰብ ቢመጣ፣ ያ ቤተሰብ ምንም ሳይናገር እንኳ ስብሰባ ላይ ፊቱን እናያለን። «እነ እንትና ምን ይሉን ይሆን?» እንላለን። አዲስ የመጣው ስደተኛ፣ ከሌላ ቦታ የተባረረው፣ ልብሱ የቆሸሸው፣ ከመግባቱ በፊት በእነሱ ዓይን ይመዘናል። 200 ሰው እኩል ቢሰጥና አንዱ ተቀይሞ ቢሄድ ግን የጎደለው ግማሽ በመቶ ነው። ሰውየው ይናፍቀናል እንጂ መንገዳችንን አያስቀይረንም። የአካታች ቤተ ክርስቲያን ነጻነት ያለው በሰጪዎቿ ብዛት ነው።

ሀብት ያላችሁ ወገኖቼ እንዳትቀየሙኝ። ስጦታችሁ ያስፈልገናል፤ ራምፑን የሠራ ማንም ይሁን እግዚአብሔር ይባርከው። የምለምናችሁ ስጦታችሁን ያለ ገመድ እንድትሰጡ ነው። «እነዚያን ካላስገባችሁ እሰጣለሁ» የሚል ስጦታ ከመጣ ደግሞ የኮሚቴው መልስ የጴጥሮስ መልስ ነው።

የጥንቶቹ እንዴት ሰጡ? ሰማዕቱ ዮስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ155 ገደማ ሲጽፍ፣ የእሑድ ጉባኤ ላይ የሚችሉና የሚፈቅዱ የወደዱትን ያህል ይሰጡ እንደነበር ይነግረናል። የተሰበሰበውም ከጉባኤው መሪ ዘንድ ይቀመጣል፤ ለሙት ልጆች፣ ለመበለቶች፣ ለታመሙ፣ ለታሰሩና ለእንግዶች ይውላል። ከእሱ ወዲህ፣ እ.ኤ.አ. በ197 ገደማ፣ የካርቴጁ ተርቱሊያን ስለ ወርሃዊ መዋጮ ጽፏል። ከፈለገና ከቻለ ብቻ ነው፤ ማንም አይገደድም ይላል። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ከገቢያችሁ እያስቀመጣችሁ ቆዩ ብሏቸዋል፤ እሱ ሲመጣ ሩጫ እንዳይሆን። ልብ በሉ፣ ጳውሎስ ሰው በስሜት ሲነድ ኪሱን እንዲያራግፍ አልፈለገም። ቤቱ ተቀምጦ፣ አስቦ፣ እንደ አቅሙ እንዲለይ ነው የፈለገው። በሁለተኛው መልእክቱም ስጦታ የሚመዘነው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ጽፏል።

እዚህ ላይ ስለ መበለቷ ሁለት ሳንቲም ሳልናገር አላልፍም። ይህ ታሪክ ድሆችን ለማስጨነቅ ሲውል ሰምቻለሁ፤ ሲያመኝም ኖሯል። «እሷ ያላትን ሁሉ ሰጠች፣ አንተስ?» ይባላል። ማርቆስ ምዕራፍ 12ን ከሁለት መስመር በላይ ጀምራችሁ አንብቡት። ጌታ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ጻፎችን ካወገዘ በኋላ ነው እሷ የመጣችው። ስጦታዋን አከበረ፤ ቤቷን የሚበላውን ግን አስቀድሞ ኮንኗል። የመጨረሻ ሳንቲሟን ለምትሰጥ እናት ከቤተ ክርስቲያን የሚጠበቀው ማጨብጨብ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ «ዛሬ ምን ትበያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ከመድረክ የሰጪ ስም አንጠራም። ከፍተኛ ሰጪዎች ተብሎ የሚለጠፍ ዝርዝር አይኖርም። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የሚለው ቃል ለባለጠጋው ትሕትና ነው፤ ለድሃው ደግሞ መጠለያ ነው።

አደራ የተቀበልነው እኛ ግን ሁሉን በግልጽ ማድረግ አለብን። ጳውሎስ የኢየሩሳሌምን መዋጮ ሲያጓጉዝ ብቻውን አልያዘም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮት ሄደ፤ ማንም እንዳይነቅፈን በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካሙን እናስባለን አለ። የኛም አሠራር ቀላል ነው። መባ የሚቆጠረው ዝምድና በሌላቸው ሁለት ሰዎች ነው። ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ፣ ባንክ ይገባል። ለራምፕ የተሰጠ ለራምፕ ይውላል፤ ለሌላ ማዋል ካስፈለገ ሰጪው ይጠየቃል። ዓመታዊ ሒሳቡ ከውጭ በመጣ ኦዲተር ይመረመራል። ሪፖርቱ በትልልቅ ፊደልና በድምፅም ይቀርባል፤ ማየት የተሳነው አባል የሰጠውን ገንዘብ ሒሳብ ከሌላ ሰው አፍ ብቻ መስማት የለበትም።

የነገውን በተመለከተ ዳዊትን አስቡ። ቤተ መቅደሱን አንተ አትሠራውም ተብሎ ነበር። እሱ ግን ለማያየው ቤት ወርቅና ብር፣ ናስና ብረት፣ እንጨትና ድንጋይ አዘጋጀ። በአንደኛ ዜና መዋዕል 29 ላይ ሕዝቡም በፈቃዱ ሲሰጥ ዳዊት ደስ ብሎት የጸለየው ጸሎት «ከእጅህ የተቀበልነውን ሰጠንህ» የሚል መንፈስ ያለው ነው። እኛም ከምንጠብቀው ሥራ አንዳንዱ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ የመጠባበቂያ ገንዘብ እንፈልጋለን። የተለመደው ምክር ከሦስት እስከ ስድስት ወር ወጪ የሚሸፍን ነው። ይህ ካለ ክፉ ወቅት ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው የአስተርጓሚው ክፍያ አይሆንም። የተለመደው ግን እሱ ነው የሚቆረጠው፤ የሚጮህለት ሰው ጥቂት ስለሆነ።

ሁለተኛው በኑዛዜ የሚሰጥ ነው። ስለ ሞት ማውራት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ኑዛዜ የምትጽፉ ከሆነ ቤተሰባችሁን አስቀድሙ፤ ከዚያ የሚተርፍ ካለ አነጋግሩን። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለወር ወጪ አይውልም። ዋናው ተቀምጦ ከትርፉ ብቻ ይወጣል፤ በዓመት ከዋናው አራት ወይም አምስት በመቶ ገደማ የሚሆን። ከልጅ ልጆቻችን ጋር የሚያመልኩትን ሰዎች ዛሬ አናውቃቸውም። ቋንቋቸውን፣ መልካቸውን፣ የሚያስፈልጋቸውን አናውቅም። ለማናውቀው ሰው ቦታ መያዝ ነው።

በመጨረሻም የቃል መግቢያ ወረቀቱን፣ ማለትም በዓመቱ ስንት እንደምትሰጡ የምትጽፉበትን ወረቀት፣ በተመለከተ። በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ራምፑን የሚጠቀሙ፣ በምልክት ቋንቋ የሚሰሙ፣ በሌላ ቋንቋ የሚጸልዩ አባሎቻችን ረቂቁን አይተው ሐሳብ ይሰጣሉ፤ ከመካከላቸውም በኮሚቴው ውስጥ በድምፅ የሚወስኑ ይኖራሉ። ወረቀቱ ለሁሉም ይታደላል፣ ሁሉም በታሸገ ፖስታ ይመልሰዋል፤ ባዶም ቢሆን። ማን ጻፈ፣ ማን አልጻፈም የሚያውቁት ሁለቱ ቆጣሪዎች ብቻ ናቸው። የድምፅ መብታችሁ ከወረቀቱ ጋር አይያያዝም። በዓመቱ መሐል ሥራ ብታጡ፣ ብትታመሙ ወይም ልጅ ቢወለድላችሁ፣ መጠኑን ቀንሱልኝ ማለት ይበቃል፤ ምክንያት አንጠይቅም። ችግር እንደገጠማችሁ ከነገራችሁን ደግሞ ከዚያው ገንዘብ እናንተን መርዳት ተራችን ነው።